ፉጨቱ የማን ነው

ፍቅራቸው የጀመረው በጠብ ነው፤ ያውም በማይረባ ጠብ።

እሷ ስቱዲዮ ውስጥ የሰው ድምፅ ስትቀዳ የምትውል፣ ትንኝ እንኳ የማታመልጣት ሴት ናት። ዘፋኞቹ ስሟን ትተው «ጆሮ» ነው የሚሏት። እሱ ደግሞ እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ሰው የሚዞርባት በማትመስል ጠባብ ሱቅ ውስጥ ዘመን ያለፈባቸውን አምፕሊፋየሮች የሚጠግን ሰው ነው። አንድ ቀን የሱ ሙዚቃ ወለሉን አልፎ ቀረጻዋ ውስጥ ገባባት። ተናዳ ወረደች።

«ወንድም፣ ይሄን ነገር ቀንስልኝ! ሥራ ላይ ነኝ።»

«ቀንሼው ነው እኮ። ደስ ሲለው አይሰማኝም።»

ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ጆሮዋ ቀደማት። ከእንጨት ሳጥኑ ውስጥ አምፖል የመሰሉ ብርጭቆዎች ቀልተዋል፤ ድምፁ ሞቅ፣ ወፈር ብሎ ይወጣል።

«ያምራል» አለች። «ግን ውሸታም ነው።»

«ማን? ይሄ? ታላቄን እየሰደብሽ ነው!»

«ሁሉንም ያሳምራል። የስቱዲዮዬ ስፒከሮች ያለውን ነው የሚነግሩኝ፤ ዘፋኙ ምራቁን ሲውጥ ሳይቀር።»

«እነሱማ ስፒከር አይደሉም፤ ነገር ፈላጊ አማት ናቸው።»

መሳቅ አልፈለገችም ነበር። ሳቀች።

ይለይልን ተባባሉ። በማግስቱ አምፕሊፋየሩን ከነስፒከሮቹ እየተመላለሰ ደረጃውን አወጣ፤ ሲጨርስ ለመናገር ጊዜ ወሰደበት። ለማወዳደር አንድ ድምፅ ያስፈልጋቸዋል፤ ዘፈን ከሆነ ሁለቱም ማዳላታቸው አይቀርም። ስለዚህ እሱኑ ማይክ ፊት አስቀመጠችውና የመጣለትን እንዲያወራ ነገረችው። በልጅነቱ የአባቱን ሬዲዮ ፈታትቶ መግጠም ቢያቅተው አልጋ ሥር ተደብቆ እንደዋለ አወራ። ሲጨርስ በመስታወቱ አሻግሮ አያትና «ተሰማሁ?» አለ። እሷ ሳቋ ይዟት አልመለሰችለትም።

አንዱ ከሌላው ትንሽ ከጮኸ ጆሮ ስለሚታለል የሁለቱን ድምፅ በመለኪያ እኩል አደረገች። መጀመሪያ አሮጌውን ከፈቱ። አንጀት የሚያርስ ድምፅ ወጣ። ቀጥሎ የስቱዲዮውን ስፒከሮች ከፈቱ። ያው ወሬ፣ ያው ሰውዬ፤ ግን ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ክር የመሰለች ቀጭን ፉጨት አለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አላልኩሽም?» አለ ጮቤ እየረገጠ። «የኔው ጤነኛ ነው። የታመሙት ስፒከሮችሽ ናቸው። ግድ የለም፣ እኔ አክማቸዋለሁ።»

ጉድ እኮ ነው! ሌላ ሰው ቢሆን «ጉንፋን ይዞሃል እንዴ?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን ዕድሜያቸውን ከእቃ ጋር የፈጁ ናቸው፤ ለነሱ የሚያፏጭ ሁሉ እቃ ነው። ገመድ ቀየሩ።

ገመዱ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ሱቁን ሲዘጋ እየወጣ አንዱን ስፒከር ፈታ፣ ሌላውን በየደ፣ ማይኩን ጠረገ። በመጣ ቁጥር እንደገና ትቀዳዋለች፣ እንደገና ያፏጫል። ደረጃው መሃል ላይ ቆም ብሎ የግድግዳውን የኤሌክትሪክ ገመድ ሲያይ ትሰማዋለች፤ የሚያይ ነው የመሰላት። ሻዩን ቀድታ ትጠብቀዋለች። መፍቻ ስታቀብለው አንዳንዴ እጇን ሳይለቅ ይቆያል፤ እሷም አትስበውም።

«ካልተገኘስ?» አለችው አንድ ቀን።

«ካልተገኘማ በየቀኑ እመጣለኋ!»

«እንግዲያው እንዳይገኝ።»

ሁለቱም አቀረቀሩ። እንዲህ ነው የተባባሉት፤ ሌላ «እወድሻለሁ» አላስፈለጋቸውም።

ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ልጅቷን ልታይ መጣች። እንደ ሰው ሁሉ ማይኩ ፊት መቀመጥ አማራትና ስለ ልጅነቱ ጉድ አወራች። ጆሮ ቀረጻውን በስቱዲዮ ስፒከሮቹ ከፈተችው። ንጹሕ ነው። ፉጨት የሚባል የለም።

«ተሠርቷል!» አለ፤ ዘሎ ማይኩ ፊት ተቀመጠና «እስቲ እኔን» አለ።

አፏጨ።

«ይሄ ማይክ እኔን አይወደኝም መሰለኝ።»

ጆሮ ግን ፊቷ አመድ መስሏል። ወደ ክፍሉ ገባች፣ ተንበረከከች፣ ያለ ማይክ፣ ያለ ስፒከር ጆሮዋን ደረቱ ላይ አደረገች። እዚያ ነበር።

«ማይኩ አይደለም» አለች። «የኔ ጌታ፣ አንተ ነህ።»

ሆስፒታል ሲሄዱ ሐኪሟ የታመመው ሳንባው እንደሆነ ነገረቻቸው። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ…» አለችና ተወችው።

እዚያው የሕሙማን ክፍል ውስጥ ፈርመው ተጋቡ፤ ምስክሯ እህቱ ነበረች። ሙሽራው ትራስ ተደግፎ ቀለበቱ ሲሰፋው ሳቀ።

«እንዳይገኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለችው ጆሮ እያለቀሰች።

«እኔስ? ደረጃው ያደክመኝ ነበር እኮ። ብናገር አትውጣ ትይኛለሽ ብዬ ዝም አልኩ።» ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆመ። «ሞኞች ነን። ቆንጆ ሞኞች።»

ብዙ አልቆየም።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ሲሳሳ እህቱ ስቱዲዮ መጣች። «እባክሽ ድምፁን አሰሚኝ» አለች። ጆሮ የመጀመሪያውን ቀረጻ በአሮጌው አምፕሊፋየር ከፈተችላት። ብርጭቆዎቹ ቀስ ብለው ቀሉ፤ የሬዲዮው ወሬ ሞቅ፣ ወፈር ብሎ ክፍሉን ሞላው።

«ደህና ነበር እኮ!» አለች እህቱ እንባዋ እየወረደ። «ስሚው እስቲ፣ ምን ይለዋል? ምንም የለበትም ወንድሜ!»

ጆሮ አላረመቻትም።

«አምፕሊፋየሩን ውሰጂው እትዬ» አለቻት። «ከቀረጻው ቅጂ ጋር።»

«አንቺስ? በምን ልትሰሚው ነው?»

«እኔ በነዚህ።»

እህቱ ከሄደች በኋላ በሩን ዘጋችና ነገር ፈላጊዎቹን ስፒከሮች ከፈተች። እሱም እንደገና የአባቱን ሬዲዮ ፈታ፣ አልጋ ሥር ገባ። በየመሃሉ ያቺ ቀጭን ፉጨት ትመጣለች፤ ውሸታሙ አምፕሊፋየር የሚደብቃት፣ ራሷ «እንዳይገኝ» ያለችላት። አሁን ከድምፁ ሁሉ የምትወደው ፉጨቷን ሆኗል፤ በሕይወት እያለ የተነፈሰው እሷ ውስጥ ነው።

ወሬው አለቀ። ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ፤ ወደ መስታወቱ ዞሯል ማለት ነው።

«ተሰማሁ?» አለ።

«ተሰማህ» አለችው፣ ጮክ ብላ።