ድልድዩ ተሰብሯል

በዚያ ጉዞ ከዋሸኋቸው ውሸቶች ሁሉ ትንሿ «ድልድዩ ተሰብሯል» የምትለዋ ናት።

ሌሎቹማ ትልልቅ ነበሩ። ተጎታች ቤታችንን አውሎ ነፋስ ብድግ አድርጎ ፊቷን አዙሮ እንዳስቀመጣት፣ ምድጃው ላይ የነበረው ሻይ ግን ጠብ እንዳላለ ስነግረው ቤቷን የተከራየው ፎቶ አንሺ በሳቅ ፈረሰ። ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ። እነሱን ማጥፋት ሥራዬ ሆነ።

ተጎታቿን አባቴ ጋራዡ ውስጥ በገዛ እጁ ነው የሠራት። ሲያከራየው «ከነሾፌሯ ነው» አለው። ሾፌሯ እኔ ነኝ።

«ወንዙ ማዶ ካለው ከተማ አድርሰሽው ነይ። ሰፍረሽ እንዳትቀሪ» አለኝ።

እሱ ተጎታቿ ውስጥ፣ እኔ ፒካፑ ውስጥ እያደርን ተጓዝን። የሚያነሳው በራቸው ላይ የቆሙ ሰዎችን ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ካሜራውን ረስቶ መርፌው ውስጥ ክር እስኪያስገባ ድረስ ፎቶ አንሺው አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀው።

«አንተ ብትሞት እንኳ መልአኩን ቆይ ትለዋለህ» አልኩት።

መጀመሪያ «እርስዎ» ነበር የምንባባለው። ሦስተኛው ቀን ጎማ ስቀይር ክሪኩን እያቀበለኝ «አንቺ፣ እጅሽ ደማ» አለኝ። በዚያው ቀረ።

በሰባተኛው ቀን ወንዙን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ቆምን። ድልድዩን ካለፍን ፎቶዎቹን ላዘዘው መጽሔት ያስረክባል፤ አውቶብስ ተሳፍሮ አገሩ ይገባል። እኔ ባዶ ተጎታች እየጎተትኩ እመለሳለሁ። ውኃ ልቅዳ ብዬ ወረድኩና ውሸት ቀድቼ መጣሁ።

«ድልድዩ ተሰብሯል።»

«ምን ሆኖ?»

«ዓሣ ገጭቶት።»

«ምን ዓይነት ዓሣ?»

«ወፍራም።»

ሌንሱን ጠረገ። «እንግዲያው እንዙር» አለ።

የሁለት ቀኑን ዙሪያ መንገድ ወደ አምስት ቀን አስረዘምኩት። አባቴ ደወለ።

«ድልድዩ ተሰብሮ ነው አባዬ።»

«ትናንት በዚያው የመጣ የጭነት መኪና እኮ ደጄ ቆሟል፣ አንቺ ልጅ።»

ኔትወርክ የለም ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ውሸቴ አልጣፍጥ አለኝ።

መጽሔቱ ቢሮ ደጃፍ ደርሰን ሞተሩን አጠፋሁ።

«አንድ እውነት ልንገርህ?»

«ታውቂበታለሽ?»

«ድልድዩ ደህና ነበር። እንድትሄድብኝ ስላልፈለግሁ ነው።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም። ካሜራውን ከፍቶ አሳየኝ፤ ከኮረብታው የተነሳ ፎቶ። ድልድዩ ሙሉ ነው፤ መኪና ይሻገርበታል። ወንዙ ዳር እኔ ጀሪካኔ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን አወራለሁ፤ ውሸቴን ስለማመድ።

«ሩቁን የሚያቀርበውን ረጅሙን ሌንስ ረሳሽው» አለኝ።

ጆሮዬ ጋለ። «ታዲያ ለምን ዞርክ?»

«መጠበቅ ልማዴ እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ቦርሳውን ይዞ ገባ። ሁለት ሰዓት መሪውን ጨብጬ በሩን ሳይ ቆየሁ። ፎቶዎቹን አስረክቦ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አውቶብስህስ?»

«መንገዱ ተዘግቷል።»

«ምን ሆኖ?»

«ዓሣ ተኝቶበት።»

«ወፍራም?»

ዓይኖቹ ጠፉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ድልድዩ መሀል ላይ አባቴ ደወለ።

«የት ነሽ?»

«ድልድዩ ላይ ነን፣ አባዬ።»

«ተሰብሯል ያልሽው?»

ጎኔ የተቀመጠውን አየሁት።

«ጠገንነው» አልኩት።