ጓንቱን ያላወለቀው እጅ

አሮጊቷ ልብስ ሰፊ የሞቱት እሳቱ ውስጥ አይደለም። ከጢሱ ወጥተው፣ ነጭ አንሶላ ተሸፍነው፣ ሰርተፊኬት በደረደሩ እሳት አጥፊዎች መሃል ነው።

«የገደላቸው የእሳት አደጋ መኪናችን ሾፌር ነው» አለ የእሳት አደጋ ጣቢያው አለቃ ከንፈሩን እያጣመመ። «መንገድ ላይ ተንቀረፈፈ። ስናወጣቸው አልቆላቸው ነበር። ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ ሮጬ አንገታቸውን ዳበስኩ፤ የደም ሥራቸው ጸጥ ብሏል።»

«አምቡላንሱስ?» አለች የፖሊስ መርማሪዋ።

«መለስኩት። ሬሳ ሊያመላልስ ነው? ደግሞ የኔ ልጆች እሳትም ያጠፋሉ፣ ያክማሉም። ሰርተፊኬት አላቸው!»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለችና ወደታሰረው ሾፌር ሄደች። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ የልጅ ነገር የገባው ሰው ፊቱን አይቶ አያስችለውም።

«እትዬ፣ ሳወጣቸው እጄን ጭብጥ አድርገው ይዘውኝ ነበር። ለአለቃ ብነግረው ‹አንተ መሪህን ያዝ› አለኝ። እኔ ከታሰርኩ ልጆቼን ማን ያያቸዋል?»

ጓደኞቹ በፌዝ «ዶክተር» የሚሉት እሳት አጥፊ ደግሞ አንገቱን ደፋ። «ሰርተፊኬት ያገኘንበት የሕክምና ሥልጠና ግማሽ ቀን ነበር፤ ያውም በአሻንጉሊት። የደም ሥር እንዴት ይፈለጋል ብዬ ብጠይቅ፣ አለቃ ‹አሻንጉሊት ምን ደም ሥር አላት፣ እለፈው› አለኝ።»

መርማሪዋ አንሶላውን ገልብጣ አየች። ከዚያ ሾፌሩን አስመጥታ ሁሉንም እሳት አደጋ መኪናው አጠገብ ሰበሰበች።

«አንሶላው ከላይ ንጹሕ ነው። ከውስጥ ግን፣ በአፋቸው ትክክል፣ ጥላሸት ያለበት አክታ ተረጭቶበታል። ሬሳ አይስልም! ስለዚህ ሾፌሩ ዘግይቶ አልገደላቸውም፤ በሕይወት ሳሉ ነው የተሸፈኑት። የሸፈናቸውስ? ‹ዳበስኩ› ያለን ሰው።» ወደ አለቃው ዞረች፤ «እርስዎ» ማለቱንም ተወችው። «ስንት ወር የሚፈጅ ትምህርት አሻንጉሊት አስታቅፈህ በግማሽ ቀን ጨረስከው። ሐኪም ቢመጣ ጉራህ ሊጋለጥ ሆነ፤ አምቡላንሱን መለስክ።»

«እኔ የደም ሥር አላውቅም?»

እንደ በሬ ቆዳ የወፈረውን የራሱን ጓንት ወረወረችለት። «አጥልቅ። በል፣ የኔን ፈልግ።» አንገቷን ሰጠችው።

ዳበሰ። ጫን አደረገ። ደግሞ ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ። ግንባሩን አላበው።

«ምነው፣ አጣኸው?»

አለቃው እጁን ከአንገቷ አነሳ።

«እንግዲያው አንሶላ አምጣና ሸፍነኝ» አለች ካቴናውን ከሾፌሩ እጅ እየፈታች። «መጀመሪያ ግን ጓንቱን አውልቅ፤ ይኼ በጓንት ላይ አይገባም።»