ለአቦይ ረዳኢ የሚላክ ዘፈን

«ማይኩ ሞቷል ስልሽ! ኻላስ፣ በቃ፣ ነገ እንሞክራለን» አለች ሂያም። ይህን ስትል ግን ዓይኗን ከላፕቶፑ አልነቀለችም።

ሸዊት አላመነቻትም። «ትናንት ለቱርካ ሠርቶ የለ እንዴ?»

«ትናንት ሌላ፣ ዛሬ ሌላ። ወላሂ ካህረባው ነው። ቡክራ፣ ያ ሸዊት፣ ነገ!»

ሂያም መዋሸት አትችልበትም። እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልዳ ስላደገች፣ ሲጨንቃት አማርኛው ይጠፋትና ዓረብኛው ይቀድማታል። መብራቱማ ይኸው አለ፤ ጣሪያው ላይ ያለው ቬንቲሌተር ይሽከረከራል።

ስቱዲዮ ሲሉት ስሙ ይክበድ እንጂ፣ የሂያም ወንድም ከማሉ በአባታቸው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ጓሮ ያሰናዳቸው ሁለት ክፍሎች ናቸው። በአንዱ ላፕቶፑ፣ በሌላው ማይኩ ተቀምጧል፤ ሁለቱም በየራሳቸው በር ወደ ጓሮው ይከፈታሉ። የማይኩን ክፍል ግድግዳ ከማሉ ዙሪያውን በብርድ ልብስ ሸፍኖታል። በሩ ከተዘጋ የረክሻዎቹ፣ የባጃጆቹ፣ ጥሩምባ እንኳ አይሰማም።

ሸዊት የምትዘፍነው ለእናቷ አባት ለአቦይ ረዳኢ ነው። ሽማግሌው ያሉት አገር ቤት ነው። ኔትወርክ በተገኘ ቀን በጎረቤት ስልክ «ያቺ ልጅ ዘፍና ትላክልኝ» የሚል መልእክት ልከው ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቷ ቅዱሳን ሌላ ወሬ የላትም። ዘፈኑንም ያስጠናቻት እሷ ናት፤ አቦይ ረዳኢ ሰሊጥ ሲያጭዱ የሚያዜሙት ነው።

ሰሞኑን ግን ነገሩ ሁሉ ሸዊትን ደስ አላላትም። ከማሉ ሲያያት ስልክ እንደተደወለለት ሰው ብድግ ብሎ ይወጣል። «የእኛ አርቲስት» እያለ መቀለዱንም ትቷል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የአገራቸው ሰዎች ሽማግሌ አቦይ ኣስፋሃ መንገድ ላይ አስቆሟትና፣ ራሷን ዳብሰው «እናትሽ በደንብ ትበላለች?» ብለው ጠየቋት። ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? እንደ እሷው እዚህ የምትቀዳው ዘፋኝ ቱርካ በበኩሏ ትናንት ከዚህ ግቢ እያንጎራጎረች ስትወጣ ታይታለች። ሸዊት ደመረችና ቀነሰች፤ ዘፈኗን ለቱርካ ሰጥተውባታል። እንዲያ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!

ከማሉ ከሱቁ ተጣራ። ሂያም «ምንም እንዳትነኪ፣ እሺ?» ብላ ወጣች።

ሸዊት ወዲያው ነካች። የድምፅ ማስተካከያውን ገጽ እንዴት እንደሚከፈት ያስተማረቻት ራሷ ሂያም ናት። ድምፅ የሚገባበት፣ ኢንፑት የሚባለው ቦታ ባዶ ተደርጓል። ማይኩ የተሰካበት ሳውንድ ካርድ ግን እዚያው ከምርጫዎቹ መካከል አለ። ይህ በራሱ አይጠፋም፤ ሰው ነው ያጠፋው።

«ፎገረችኝ!» አለች ሸዊት።

ሳውንድ ካርዱን መረጠች። ድምፅ የሚወጣበትን አውትፑት ከስፒከሩ ወደ ሄድፎኑ አዞረችና ጆሮዋ ላይ ደፋችው። የመቅጃውን ትራክ ስትከፍተው ድምፅ መግባቱን የምታሳየው አረንጓዴ መስመር ብድግ ብድግ አለች። ሞተ የተባለው ማይክ ደህና ነው።

ወዲያው በሄድፎኑ ውስጥ የበር መዘጋት ተሰማት። ሰው ወደ ማይኩ ክፍል ገብቷል።

«እዚህ ማንም አይሰማንም፣ አቦይ። ማይኩንም አዘግቼዋለሁ» አለ የከማሉ ድምፅ።

«እሁድ ማለዳ ነው የምንነግራት» አሉ አቦይ ኣስፋሃ፣ ጆሮዋ ሥር የቆሙ ያህል ቀርበው። «ሴቶቹም ይመጣሉ። ረዳኢ ለቅዱሳን እናትም አባትም ሆኖ ነው ያሳደጋት። መርዶውን ብቻዋን ሆና መስማት የለባትም።»

«ልጅቷስ? ዛሬም ልትቀዳ መጥታለች። አያቷ ተቀብረው እሷ ስትዘፍን፣ ኋላ ይጸጽታታል ብዬ ሂያምን ‹ሰበብ ፈልጊ› አልኳት።»

ሸዊት ሄድፎኑን ማውለቅ አቃታት። አያቷን የምታውቃቸው በስልክ ድምፃቸው ብቻ ነው። እንባዋ የመጣው ለእናቷ ነበር። በሂያም ላይ ያሰበችው ሁሉ ደግሞ አሳፈራት።

ሂያም ስትመለስ ስክሪኑን አየች፤ ቀጥላ የሸዊትን ፊት አየች። «ሰማሽ?»

ሸዊት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«መዓሌሽ፣ ይቅር በይኝ፣ ሸዊት... ታዝዤ ነው፣ ወላሂ።»

«ገብቶኛል» አለች ሸዊት፤ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ያኔ ከጓሮው በር «ሸዊትዬ! አልጨረሳችሁም?» የሚል ድምፅ መጣ። ቅዱሳን ናት። ከሥራ ወጥታ ፊቷን ተጣጥባ፣ ለንግሥ ብቻ የምታወጣውን ነጠላ ለብሳለች። «መጨረሻው ላይ ሁለት ቃል ልናገርለት ብዬ መጣሁ። ድምፄን ሲሰማ ደስ ይለዋል።»

ከማሉና አቦይ ኣስፋሃ ከማይኩ ክፍል እየወጡ ነበር። አቦይ ኣስፋሃ ሰላምታ ሰጥተው መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ሂያም ፈጠን ብላ «ማይኩ እኮ፣ እትዬ ቅዱሳን...» አለችና ሸዊትን አየቻት። ከማሉም አያት።

ሸዊት የእናቷን ፊት አየች። እውነቱን ብታወጣው እናቷ እዚሁ፣ የሞተር ዘይት በሚሸተው ጓሮ ልትወድቅ ነው፤ ደግፈው የሚያለቅሱላት ሴቶች የሉም። ማይኩ ተበላሽቷል ብትላት ደግሞ ለአባቷ ያሰበችውን ቃል እንደያዘች ትመለሳለች። እሁድ ከመጣ በኋላ ያንን ቃል የት ታደርሰዋለች?

«ማይኩ ይሠራል» አለች ሸዊት። «ዘፈኑን ሌላ ቀን እቀዳዋለሁ። አንቺ ግቢ፣ እማ።»

ሸዊት እናቷን እጇን ይዛ ወደ ማይኩ ክፍል አስገባቻትና ባለ ረጅም ገመዱን ሄድፎን አደረገችላት። ቅዱሳን የራሷን ትንፋሽ በጆሮዋ ስትሰማ እንደ ልጅ ሳቀች። ሸዊት በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ላፕቶፑ ተመለሰች፤ የትራኩን ኢንፑት አንድ ጊዜ አረጋገጠችና መቅጃውን ተጫነች።

«አባዬ ጥርት አድርጎ ይሰማኛል አይደል?» አለች እናቷ።

ሸዊት አረንጓዴዋ መስመር ብድግ ስትል አየች።

«ተናገሪ፣ እማ» አለች። «እየተቀዳ ነው።»