ያዋስኳት ድምፅ

ይህን የምጽፈው በዓይኔ ብርሃን ምዬ ነው። ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል የጨመርኩ እንደሆነ፣ ነገ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ግድግዳው ላይ የተደገፈው መስታወት ሁሉ ዱቄት ሆኖ ይጠብቀኝ። መስታወት ቆራጭ ነኝና ከዚህ የከበደ መሐላ የለኝም።

ሰዎች እያጋነንኩ እየመሰላቸው «ኧረ ቀንስ» ይሉኛል። እኔ እኮ ቀንሼ ነው የማወራው። ሙሉውን ብናገር ማን ያምነኛል?

መጀመሪያ ስለ ድምፄ ልናገር፤ ያለ እሱ ታሪኩ አይገባም። ድምፄ ትልቅ ነው። በልጅነቴ ሳስነጥስ የማዶ ሰፈር ውሾች ብድግ ይሉ ነበር። ሱቄ ውስጥ ግን ትንፍሽ አልልም። ደንበኞቼ «ዝምተኛ ነው፣ ቃል አይወጣውም» እያሉ ያሙኛል። ምክንያቱን አያውቁም። አንዴ ረስቼ ከልቤ ብስቅ፣ ለሙሽራ የታዘዘ የቁም ሣጥን መስታወት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆብኛል። ከዚያ ወዲህ በሥራ ሰዓት አፌን ዘግቼ፣ ቀስ ብዬ ነው የምተነፍሰው።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ። መልኬን እንተወው፤ ዛሬ ስለ ድምፅ ነው የማወራው።

ታላቅ ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጓደኞቹ በጥንቃቄው ብዛት «ፍሬን» ይሉታል፤ የዛፍ ጥላ መንገድ ላይ ቢያይ እንኳ የሚቆም ሰው ነው። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ መኪናው እምቢ አለውና የሰው ግቢ አጥር ጥሶ ገባ። ሰው ተጎዳ፤ ወንድሜም ተፈረደበት። እኔን ያሳደገኝ እሱ ነበርና፣ እሑድ እሑድ ስንቁን ይዤ እስር ቤት መመላለስ ጀመርኩ።

ያንን ቦታ ላላየ ሰው ልንገር። በሩ ላይ ፍተሻ አለ። ዋርድያው ዳቦውን ገምሶ ያያል፣ ሾርባውን በማንኪያ ያማስላል፣ ከዚያ «ቅመስ» ይልሃል። ቀምሰህ ካልሞትክ ትገባለህ። ግቢው መሀል ሁለት የሽቦ ወንፊቶች ትይዩ ተገትረዋል፤ በመካከላቸው ጠባቂዎች የሚመላለሱበት መተላለፊያ አለ። ጠያቂ በዚህ፣ እስረኛ በዚያ። እጅ አይደርስም። ሁሉም እኩል ስለሚጮህ ጆሮም አይደርስም። አንዱ ስለ ልጁ ትምህርት ይጠይቃል፣ የሌላው ሚስት ስለ ጥርሷ ሕመም ትመልስለታለች።

ግን ውብ ቦታ ነበር፤ ካላመናችሁኝ ችግሩ የእናንተ ነው። ፀሐይ ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ ብቅ ስትል የሽቦው ጥላ በሰው ሁሉ ፊት ላይ ያርፍና፣ ሁሉም በቀጭን ክር የተጠለፈ ይመስላል። አቧራው ብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። ርግቦች ያለ ፍተሻ ከወዲያ ወዲህ ይሻገራሉ። ጩኸቱ ከመብዛቱ የተነሣ ትንሽ ከቆየህ መልሶ ዝምታ ይሆንብሃል፤ ውሃ ውስጥ ጠልቀህ የውጭውን ዓለም እንደምትሰማው።

እሷን ያየኋት ፍተሻው ላይ ነው። ከፊቴ ቆማ ነበር። ሾርባዋን ቅመሺ አሏት። ቀመሰች፤ ዓይኗን ጨፍና ጥቂት አሰበች። ከዚያ ወደ ዋርድያው ጠጋ ብላ ጨው ማነሱን፣ እነሱ ዘንድ ትንሽ ይኖር እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀችው። ያ ዋርድያ ፈገግ ካለ ዓመታት ያለፉት ሰው ነው። ሄዶ ጨው አመጣላት።

እኔ እዚያው አለቀልኝ። ልቤ የመታችው ምት ኮፍያዬን ከራሴ ላይ አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ከኋላዬ የነበሩት ሁሉ አይተዋል።

ሹክሹክታዋ ከዓይን አፋርነት እንዳይመስላችሁ። መናኸሪያ ውስጥ የአውቶቡስ መነሻ የምትጠራ ልጅ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ስታሳፍር፣ የዘገየ ሹፌር ስትቆጣ፣ ሻንጣ የጠፋበትን ስታረጋጋ ትሰነብትና፣ እሑድ ሲደርስ ድምፅዋ ልክ እንደ ጠርሙስ ውሃ ተሟጦ ያልቃል። የምትጠይቀው ደግሞ አባቷን ነው። የመጋዘን ቁልፍ ያዥ ነበሩ። ዕቃ ጠፋ፤ ቁልፉ እሳቸው ኪስ ውስጥ ተገኘ፤ ሌላ የተገኘ ነገር አልነበረም።

ሽቦው ጋ ስንደርስ ጎን ለጎን ሆንን። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ አባትየው ከማዶ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ብዙ ታገለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድም፣ ድምፅ ታውሰኛለህ?»

«ምን ልበልልሽ?»

«እናቴ ሳሉ ተሽሏታል በልልኝ።»

ሽቦውን ጨብጬ ድምፄን ለቀቅኩት። ርግቦቹ ከጣሪያው ላይ ብን ብለው ጠፉ። ግቢው ጸጥ አለ። እናትየው ጭራሽ ሳል የሚባል ነገር እንደረሳች፣ ጠዋት ማታ እያንጎራጎረች ቤቱን እንደምታደምቀው ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር አባትየው ሰሙ። ፊታቸው መብራት እንደበራበት ክፍል ሆነ።

ልጅቱ ግን በጎን አየችኝ። «ተሽሏታል ነው ያልኩህ።»

«መንገዱ ረጅም ነው» አልኳት። «እዚያ እስኪደርስ የሚጎድለውን አስቤ ነው የጨመርኩት።»

ሳቀች። ድምፅ የሌለው ሳቅ ነበር፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። እንደዚያ ያለ ሳቅ በጆሮ አይሰማም፤ ደረት ላይ ነው የሚያርፈው።

ከዚያ በኋላ እሑዶቹ አንድ ረጅም ሕልም ሆኑ። የሚያፈሰው ጣሪያቸው ሲደፈን እኔ አዲስ ጣሪያ አለበስኩት። ታናሽ እህቷ ፈተና ስታልፍ እኔ ከአገር አንደኛ አደረግኳት። ድመታቸው ብትወልድ ግልገሎቹን እጥፍ አድርጌ ነው ያሻገርኳቸው። አባትየው ወፈሩ። እውነቴን ነው፣ በወሬ ብቻ ወፈሩ። ወንድሜ ከማዶ ሆኖ የማን ጠያቂ እንደሆንኩ እየጠየቀ ያፌዝብኛል፤ ለእሱ ስንቁን አቀብዬ ሰላም ከማለት በቀር ጊዜ የለኝማ።

ስንወጣ የእስር ቤቱን ረጅም ግንብ ተከትለን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አብረን እንሄዳለን። ድምፅ ስለሌላት ለመስማት ጎንበስ ማለት አለብኝ። ፀጉሯ ጆሮዬን ሲነካው የሚቀጥለው ቃል ይጠፋብኛል፤ ድገሚልኝ እላታለሁ፤ ትደግምልኛለች። ብዙውን ጊዜ ግን ዝም ብለን ነው የምንሄደው። ግንቡ ላይ ጥላችን አብሮን ይሄዳል፤ እኛ ተራርቀን ስንሄድ እንኳ ጥላችን ተደራርቦ ይሄድ ነበር። አውቶቡሱ ይመጣል፣ እናሳልፈዋለን። ሌላ ይመጣል፣ እሱንም እናሳልፈዋለን። የአውቶቡስ መነሻ የምትጠራ ሴት አውቶቡስ እያየች ስታሳልፍ፣ ነገሩ ምን ላይ እንደደረሰ ማንም ይገባዋል።

ችግሩ አክስቷ ነበረች። አክስትየው ፋርማሲስት አገኘችላት። ነጭ ልብስ የሚለብስ፣ እጁ የማይሻክር፣ ሰው ሲያስል ከሰውየው ቀድሞ መድኃኒቱን የሚያውቅ። እሑድ ማታ መልስ እሰጣለሁ ብላ ቃል ገብታለታለች። ልጅቱ ደግሞ ከአባቷ ቃል አትወጣም። አባትየው ሲታሰሩ፣ እሺታዬን በገዛ ጆሮሽ ሳትሰሚ ለማንም እንዳትዳሪ ብለው አስምለዋታል። እሳቸው እሺ ካሉ የፋርማሲስቱ ናት፤ እኔ ወደ መስታወቴ እመለሳለሁ፤ አለቀ።

ያን እሑድ ፍተሻውን አልፈን ሽቦው ጋ ስንደርስ እጇን ክንዴ ላይ አሳረፈች።

«ዛሬ ከባድ ነገር ነው የማሸክምህ።»

«እኔ የማልሸከመው አለ እንዴ?»

«ፋርማሲስት ጠይቆኛል፣ ምን ልበለው በልልኝ።»

ይህን ስትል ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። እኔ ነኝ ቀድሜ ወደ ርግቦቹ ያየሁት።

እዚያው በልቤ ወሰንኩ። ይህን ሰው አሳጥረዋለሁ። ራሰ በራ አደርገዋለሁ። ፋርማሲውን የሳሙና መሸጫ አደርግበታለሁ። ነገር ግን አፌ መቀነስ አለመደም፤ ስከፍተው በለመደው መንገድ ሄደ። ፋርማሲስቱ ቁመቱ ከበር ከፍ አለ። የፋርማሲው ብዛት ከከተማ ወደ ከተማ ተሻገረ። ሰውየው በእጁ የዳሰሰው በሽተኛ ሁሉ ተነሥቶ ሄደ። ጠያቂዎቹ ሴቶች ፀጉራቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ስጨርስ እኔ ራሴ ላገባው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ግቢው ዝም አለ። አባትየው ቀስ ብለው ወደ ሽቦው ተጠጉ። የሽቦው ጥላ ፊታቸው ላይ ተኝቷል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ልጄስ ትፈልገዋለች ወይ አሉ።

እሷ በእግሯ ጣቶች ቆመች። ትንፋሿ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

«የምፈልገው ይኼን የሚጮኸውን ነው በልልኝ።»

ያኔ ዓለም ትንሽ ቆመች። አቧራው ባለበት ቀረ። ሙሉ የወጣትነት ዕድሜዬ እዚያች ዝምታ ውስጥ የገባ መሰለኝ፤ ግባ ብትሉኝ ዛሬም ተመልሼ የምገባባት እሷ ውስጥ ነው።

ከዚያ ተናገርኩት። የዚህን ቃል ያህል ትልቅ ነገር ከሰው ጉሮሮ ወጥቶ አያውቅም። የጣሪያው ቆርቆሮ ተርገበገበ። ርግቦቹ ሄደው እስከሚቀጥለው እሑድ አልተመለሱም። ኃላፊው የቢሮውን መስኮት ከፍቶ አጨበጨበ፤ ዋርድያዎቹ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ እስረኛ ሁሉ የራሱ ልጅ የተዳረች ይመስል ተቃቀፈ። ወንድሜ ፍሬን ከደስታው ብዛት ወደፊት ሮጦ ሽቦው ጋ ደርሶ ነው የቆመው።

አባትየው እሺ አሉ። ያቺ ቃል የመጀመሪያውን ሽቦ አለፈች፣ መተላለፊያውን ተሻገረች፣ ሁለተኛውን አለፈች፤ መጥታ የልጅቱ ፊት ላይ ስታርፍ በዓይኔ አየኋት። ማታ አክስትየው ለፋርማሲስቱ ያለችውን እሷና እሱ ያውቃሉ።

ይኸው ነው። ተጋባን። አባትየው ነፃ ሆነው ወጡ፤ አሁን ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ወንድሜም ወጥቶ መኪናውን ይነዳል፤ ከበፊቱም ባሰ ቀስ ብሎ።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ለቤተሰቡ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ባለቤቴ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። አባባ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት።

«ልጄ» አሉኝ፤ «እኔ እኮ ከሽቦው ማዶ ነበርኩ።»

እኔም ለዚህ እኮ ነው ከእርስዎ የተሻለ ምስክር የሌለኝ አልኳቸው።

«እዚያ ድምፅህን ሰምቼ አላውቅም። ወንድምህን ባየኸው ቁጥር ጉሮሮህ ይያዝ ነበር። ሽቦውን ጨብጠህ ቆመህ ትቀራለህ። የአንተን ለወንድምህ፣ የራሷን ለእኔ የምትጮኸው እሷ ነበረች። ወንድምህ ዛሬም ይነግርሃል፤ ያንተን ወሬ የሰማው ሁሉ በእሷ አፍ ነው። ፋርማሲስት የሚባል ሰውም አላውቅም።»

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። አንሶላውን በጥርሷ ይዛ ጫፍና ጫፉን ታስተካክላለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ታዲያ እሺ ያሉኝ በምኔ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

አባባ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«መናኸሪያውን ሙሉ በድምፅዋ የምታንቀሳቅስ ልጄ፣ ያን ሁሉ ግቢ አልፋ እኔ ጋ የምትደርስ ልጄ፣ ወደ አንተ ዞር ስትል ድምፅዋን ታወርደዋለች። ከማዶ ሆኜ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ምን እንደምትልህ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም።»