ከኖራው ገንዳ የወጣው ሰው

መርማሪው ልጅ ሳለ ከመጋረጃ ጀርባ ተጋድሞ የሰማው ወግ ነበር። ግማሹ ጠፍቶበታል። አባቱና አንድ የሥራ ባልደረባቸው ናቸው የሚያወሩት። «አንድ ላይ ብንቆም እኮ ይሰሙናል» ይላል እንግዳው። አባቱ ምን እንደመለሱ አያስታውስም፤ «ልጆች አሉኝ» ያሉ ይመስለዋል፤ ምናልባት ያሉት እናቱ ናቸው። ከዚያ ወንበር ሲጥጥ አለ፣ በር ተዘጋ። እንግዳው ዳግመኛ ቤታቸው አልመጣም።

ይህ ትዝ ያለው በቆዳ ፋብሪካው ኖራ ገንዳ ዳር ቆሞ አስከሬን ሲያይ ነው። ገንዳው ውስጥ ጥሬ ቆዳ ተነክሯል፤ የተመለጠው ፀጉር ከሞራ ጋር ተለውሶ እንደ ገንፎ ተንሳፍፏል። ሽታው ምላስ ላይ ይቀመጣል። ሟቹን ሠራተኞቹ «ደወል» ይሉት ነበር፤ ከክፍል ክፍል እየዞረ «የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም» ማለት ሥራው ነበርና። መሥራች ስብሰባው ለዛሬ ተቀጥሮ ነበር። እሱ ግን በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሽታውን ሸሽቶ ከግቢ ውጭ ሊበላ ሲወጣ፣ ገንዳው ውስጥ ተገኘ።

«ተንሸራቶ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ በመሐረብ አፍንጫውን ይዞ። «ነፍሱን ይማረውና ጥድፊያ ይወድ ነበር። እንዲያው ሥራው መቼ ይቀጥላል? ቆዳው ሊበላሽብን ነው።»

መርማሪውን ባልደረቦቹ «አባ ዝምታ» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም። በልቡ ለሟቹ አጭር ጸሎት አደረሰና አስከሬኑን ወደሚመረምረው ሐኪም ዞረ።

«ጉሮሮው ውስጥ ኖራ የለም» አለው ሐኪሙ በሹክሹክታ። «ሲገባ አይተነፍስም ነበር። ማጅራቱን ተመትቷል።»

መርማሪው ተንበርክኮ የሟቹን እግር አየ። የላስቲክ ቦት አድርጓል። ሱሪው ወደ ውጭ በኩል ታጥፎ፣ በጥንቃቄ ቦቱ ውስጥ ተከቷል። ሰንደል ጫማው በአጠገቡ ባለ አግዳሚ ወንበር ሥር ጥንድ ሆኖ ተቀምጧል።

በአጠገቡ ቆዳ በሜንጦ ይጎትት የነበረ ሰው ሥራውን አቁሞ ቆሟል። ሱሪው ቦቱን ከላይ ሸፍኖታል። «ወንድሜ፣ አንተስ ሱሪህን ለምን ውስጥ አትከተውም?» አለው መርማሪው።

«ውስጥ ልክተተው?» ሰውየው ሐዘኑን ረስቶ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። «በሱሪዬ የወረደው ኖራ ሁሉ ገብቶ እግሬን ሊቀቅለው! ቦት እኮ ነው ጌታዬ፣ እንስራ አይደለም። ደወል ደግሞ ለምሳ ስንወጣ ቦቱን አውልቆ ሰንደሉን አድርጎ ነበር።»

ሁሉም ጣታቸውን የሚቀስሩት በገንዳ ሠራተኞቹ አለቃ፣ በፎርማኑ ላይ ነበር። ትናንት ከደወል ጋር ሲጯጯሁ ተሰምተዋል። ዕድሜውን በገንዳ ዳር የፈጀ፣ ጥፍሩ በኖራ የተበላ ሽማግሌ ነው።

«ተጣልታችኋል አሉ፣ ጋሼ።»

«ተጣልተናል። ‹ስብሰባውን አንተ ምራልን፤ አንተን ካላዩ ይበተናሉ› አለኝ። ‹እኔን እሳት ውስጥ ማግደህ አንተ ልትሞቅ ነው?› አልኩት። ክፉ ቃል ነው። የመጨረሻዬ ሆኖ ቀረ።»

«አሁንስ ማን ይመራዋል?»

ፎርማኑ አንገቱን ደፋ። «ማንም። ፈርተዋል። እኔም ፈርቻለሁ።»

የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው የሟቹ ሚስት ወንድም ነው። በዚያ ሙቀት የሸሚዙን እጅጌ እስከ አንጓው ቆልፎ፣ በንጹሕ መሐረብ ዓይኑን ይጠርጋል።

«ከአንድ ማዕድ ነው የምንበላው» አለ። «ምን ሲያስብ እንደሚውል ሁሉ ያጫውተኝ ነበር።»

«ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁስ ያጫውቱት ነበር?» አለ መርማሪው።

«ሥራዬ ነው... መረጃ መስጠት።»

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ። ብቻዬን።»

መርማሪው አራቱን፣ ሥራ አስኪያጁን፣ ፎርማኑን፣ ኃላፊውንና ቆዳ ማለስለሻ ክፍል የምትሠራውን የሟቹን ሚስት፣ ከገንዳው አጠገብ ባለው የእንግዶች መልበሻ ክፍል ሰበሰባቸው።

«ገንዳው ድረስ አብረን እንሄዳለን። ቦት አድርጉ።»

ፎርማኑ ቦቱን አጥልቆ ሱሪውን በላዩ አወረደ። ሴትዮዋም እንደዚያው። ሥራ አስኪያጁ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋ፤ ኃላፊው ምንም ሳይባል ተንበረከከለት። የጌታውን ሱሪ ወደ ውጭ አጠፈ፣ ቦቱ ውስጥ ከተተ፣ በመዳፉም አስተካከለው።

መርማሪው ጎንበስ ብሎ እጥፋቱን አየ።

«እጅዎ ለምዶታል» አለ መርማሪው።

«እንግዳ ሲመጣ የማለብሰው እኔ ነኝ። ሱሪያቸው እንዳይቆሽሽ...»

«አዎ፣ ቆሞ ለሚያይ እንግዳ ደንበኛ አለባበስ ነው። እዚህ ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ግን እንዲህ አያደርግም። ደወል ሳይተነፍስ ነው ገንዳ የገባው፤ ስለዚህ ሌላ ሰው አስገብቶታል። ለምሳ ቦቱን አውልቆ ሰንደል አድርጎ ነበር፤ ስለዚህ ሲሠራ ወደቀ ለማሰኘት ቦት ያጠለቀለትም ሌላ ሰው ነው። ፎርማኑ ወይም እህትዎ ቢሆኑ ሱሪውን በላዩ ያወርዱት ነበር። ሥራ አስኪያጁ የራሳቸውንም እግር አያለብሱም። የቀሩት እርስዎ ነዎት፤ እጥፋቱም የእጅዎ ነው።»

«በእጥፋት ሰው ይከሰሳል?»

«በእጥፋት ብቻ አይደለም። ቆዳ በሞላበት ገንዳ ከባድ ሬሳ ሲወረወር ኖራው ይረጫል። እጅጌዎን ይሰብስቡልን።»

ኃላፊው አልተነቃነቀም። እህቱ ተነሥታ ራሷ ቁልፉን ፈታችው። ከአንጓው በላይ ቆዳው በኖራ ተቃጥሎ ተልጧል።

«ምሳ ተወው ብለህ ስትጠራው እኮ አይቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የታረቃችሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ለመንኩት!» ኃላፊው ጮኸ። «‹ዛሬን ብቻ ተወው፣ ሥራዬን ላጣ ነው› አልኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ በሩ ሄደ። እኚህ ‹ከተሰበሰቡ አንተም አብረህ ትወጣለህ› ብለውኛል!»

«አስታግሰው አልኩ እንጂ ግደለው አልኩ?» ሥራ አስኪያጁ አንዱን ቦት በግድ አውልቆ ከሌላው ጋር እየታገለ ነበር። «ይህን ነገር አውልቁልኝ እንጂ!»

ያን ቦት የሚያወልቅለት አልተገኘም። የበሰበሰ ፀጉርስ ታጥበው ይገላገሉታል፤ የዚህን ክፍል ግማት ግን በምን ውኃ እንደሚያለቅቀው መርማሪው አላወቀም።

ፖሊሶቹ ኃላፊውን ሲወስዱት ሴትዮዋ ወደ ፎርማኑ ዞረች።

«ጋሼ፣ ሰዉ በሩ ላይ ቆሟል። ሊበተን ነው።»

«ልጄ፣ እኔ መናገር የት አውቅና...»

«ፍራም፣ ተንቀጥቀጥም። ብቻ ፊታቸው ቁም።»

ሽማግሌው የተበላ ጥፍሩን አየ። ሥራ አስኪያጁ «ዋ!» አለው ከወንበሩ ላይ፤ አንድ እግሩ ባዶ ነበር።

«እኔ እመራዋለሁ» አለ ፎርማኑ። «ሂጂና አትበተኑ በያቸው።»