ከሜኑው የጠፋው ጥሪ

1988 ዓ.ም. ነበር። ኢንተርኔት የሚባለው ነገር ገና አገር ውስጥ አልገባም። ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ሕንፃ ፎቅ ላይ፣ አቶ ኑረዲን አንድ ኮምፒውተርና አንድ የስልክ መስመር ይዘው አዲስ ሥራ ጀመሩ። ነጋዴው ከገዛ ቢሮው ኮምፒውተር በስልክ ደውሎ ይገባል፤ መልእክት ይተዋል፣ የተተወለትን ያነባል፣ የዕቃ ዋጋ ያያል። ቡለቲን ቦርድ ይባላል። አቶ ኑረዲን ግን «ሰሌዳው» ነበር የሚሉት።

ሰሌዳውን ያቆመው ማኑሄ የሚባል ዝምተኛ ወጣት ነው። ደንበኛው ሲገባ ስክሪኑ ላይ የሚዘረዘሩለትን ምርጫዎች፣ ሜኑውን ማለት ነው፣ የሚያደራጀው እሱ ነበር። የትኛው ፊደል ሲነካ ወዴት እንደሚወስድ፣ ማን የቱን ምርጫ እንደሚያይ የሚወስነውም እሱ ነው። ቃላቱን የምትመርጠው ደግሞ ደንበኞችን የምታስተናግደው አፀደ ነበረች። ኮምፒውተሩ አማርኛ ስለማይጽፍ ሁሉንም በላቲን ፊደል ማስገባት ነበረባቸው።

«መልእክትም በኤም ይጀምራል፣ መውጫም በኤም» አላት አንድ ቀን ፊቱን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «አንዱን ለውጪልኝ።»

«መውጫውን ደህና ሁኑ በለው።»

«ሜኑ ላይ?»

«ታዲያ አንተ እንግዳ ሲሄድ በሩን እያሳየህ መውጫ ትለዋለህ?»

ማኑሄ ሳቀ። ሲስቅ አይታው ስለማታውቅ አፀደ ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ከዚያ ሁለቱም ወደ ሥራው ለመመለስ አልቸኮሉም።

ከዚያን ቀን ወዲያ ሜኑው እንዲያልቅ የፈለገ አልነበረም። ያለቀውን አፍርሰው እንደገና ይሠሩታል። ከሥራ ሲወጡ እሷ ወደ ጎፋ ትሄዳለች፤ እሱም ቤቱ ሌላ አቅጣጫ ሆኖ ሳለ አብሯት ይሄዳል። በመንገድ ላይ ስለ ሁሉ ነገር ያወራሉ። በልቡ ስላለው ነገር ብቻ ትንፍሽ አይልም። ነገ እነግራታለሁ ይላል፤ ነገም ይመጣል፤ እሱ ግን ኮምፒውተሩን ከስልኩ ጋር ስለሚያገናኘው ሞደም ያወራል።

ሰሌዳው ለደንበኞች ሲከፈት ከምርጫዎቹ አንዱ «ጥሪ» የሚል ነበር። ደንበኛው እሱን ሲነካ የቢሮው ኮምፒውተር ይጮሃል፤ አፀደ ትቀመጥና እዚያው በጽሑፍ ይነጋገራሉ። ብዙዎቹ ስለ ዕቃ ጠይቀው ይሰናበታሉ። ሳሪስ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው ቦጋለ ግን ጥሪን ወደደው።

መጀመሪያ ስለ ፍሬን ሸራ ነበር የሚጠይቀው። ቀስ በቀስ ስለ ዝናቡና ስለ ታክሲ ወረፋው ሆነ። ኮምፒውተሩ ሲጮህ አፀደ ወንበሯን ስባ ትቀመጣለች፤ ቆይታ ብቻዋን ትስቃለች። ማኑሄ ጀርባውን ሰጥቶ ሥራ የያዘ ይመስላል። ጆሮው ግን የቁልፎቹን ድምፅ ይከተላል። ለሌላ ደንበኛ በዝግታ የምትጽፈው ልጅ ለዚህኛው ጣቶቿ ይፈጥናሉ።

አንድ ጠዋት ወረቀት ሊያነሳ በኋላዋ ሲያልፍ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ባለፈው ሳምንት «እንደምን አደሩ» ስትለው የነበረችውን ሰው «እንዴት አደርክ» ብላዋለች።

ይህች አንተታ ማኑሄን በላችው። ምሳ ሲበላ ትመጣበታለች። መንገድ ላይ አፀደ ስታናግረው «እ» እያለ ይመልሳል።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ምንም።»

«ደክሞህ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም አልኩሽ እኮ።»

ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

በማግስቱ አፀደ ፖስታ ቤት እንደወጣች ማኑሄ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። ለቦጋለ የተለየ የመግቢያ ደረጃ ፈጠረለት። የሌሎቹ ሜኑ እንዳለ ሆኖ በቦጋለ ሜኑ ላይ «ጥሪ» የሚለው መስመር ጠፋ። ሥራው ቀላል ነበር።

ቢሮው ጸጥ አለ። አፀደ አንዳንዴ ኮምፒውተሩን ታየዋለች፤ ማኑሄም ስታየው ያያታል። ያሰበውን ሰላም ግን አላገኘም። የቀናበት ድምፅ ቀርቶ አሁን በዝምታዋ መቅናት ጀመረ። ስለ ማን ነው የምታስበው?

አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ካፖርቱን በክንዱ የያዘ፣ ፊቱ ፈገግታ የማይጠፋው ረጅም ሰው ገባ።

«አፀደን ፈልጌ ነበር። ቦጋለ እባላለሁ» አለ። «ጥሪ የምትለዋ ነገር ከእኔ ዘንድ ጠፋች። ማሽኑ ካልጠራልኝ ሄጄ ራሴ ልጥራ ብዬ መጣሁ።»

አፀደ ብድግ አለች። ሲጨባበጡ ማኑሄ አየ። በስክሪን ብቻ የሚያውቀው ሰው ቁመት፣ ድምፅና መልክ ይዞ መጣበት፤ ያመጣውም እሱ ራሱ ነው። ይባስ ብሎ ቦጋለ ጥሩ ሰው ሆኖ ተገኘ። ለማኑሄም እጁን ዘርግቶ «የዚህ ሁሉ ባለሙያ አንተ ነህ አሉ» አለው።

ቦጋለ ሲሄድ አፀደ በሩን ዘጋች።

«ሜኑውን ካንተ ሌላ የሚነካው ሰው የለም» አለች።

ማኑሄ የስክሪኑን ጥግ በጣቱ ጠረገ።

«ሰውዬው ያስቀኛል፤ አልደብቅህም። ያስጠላህ ከሆነ እኔ አጠገብህ አልነበርኩም? አፍ አውጥተህ የማትናገረውን ነገር በእኔ ጀርባ ትሠራለህ?»

«ልመልሰው።»

«መመለሱንማ ትመልሰዋለህ።» ቦርሳዋን አነሳች። «ቦጋለ እሁድ ቤታችን ሽማግሌ ሊልክ ነው። ጥሪ ሲጠፋበት ሳሪስ ባለችው አክስቴ በኩል አስነግሯል። አባቴ ምን ብዬ ልመልስ ብሎ ጠይቆኛል።»

«ምን አልሽው?»

«ምንም። ምን እንደምል እኔም እየጠበቅኩ ነበር።»

ብቻዋን ወደ ጎፋ ሄደች።

ቅዳሜ ከሰዓት ማኑሄ የእነ አፀደን በር አንኳኳ። አባቷ አቶ መኩሪያ ግቢ ውስጥ የተነቀለ የመስኮት ማጠፊያ እየጠገኑ ነበር። ስሙንና የሚሠራበትን ነገራቸው። ከዚያ እንደቆመ አንድ ጊዜ አፈሰሰው።

«ነገ ለአፀደ ሽማግሌ እንደሚመጣ ሰምቻለሁ። ከመምጣታቸው በፊት እኔም እንደምፈልጋት ይወቁልኝ ብዬ ነው አባባ።»

አቶ መኩሪያ መፍቻቸውን አስቀመጡ። «ይህ በሽማግሌ እንጂ በራስ አንደበት የሚባል ነው?»

«አይደለም። ቀን አጥቼ ነው።»

«እሷስ ታውቃለች?»

«አልነገርኳትም።»

አባቷ ትክ ብለው አዩት። «ታዲያ እኔን ልታገባ ነው የመጣኸው?» አሉና ወደ ቤቱ ዞረው ተጣሩ። «አፀደ፣ ነይ እስቲ፤ ይህ ልጅ የሚነግርሽ ነገር አለው።» ማጠፊያውን ይዘው ወደ ጓሮ ሄዱ።

አፀደ በረንዳው ላይ ቆመች፤ አልወረደችም።

«ቦጋለ ያስቅሻል» አለ ማኑሄ። «እኔ ያን ያህል አላስቅሽም። አንተ ስትዪው ያየሁ ቀን ምሳዬን መብላት አቃተኝ። ሜኑውን የነካሁት ፈርቼ ነው። ጥፋት ነው። ግን እወድሻለሁ፤ ከድሮ ጀምሮ።»

«ከድሮ ጀምሮ ማለት?»

«ሥራው እንዳያልቅ እያፈረስኩ ስሠራ።»

አፀደ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እየሳቀች መሆኑን ያወቀው ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ ነው። ስትዞር ዓይኗ እርጥብ ነበር።

«እኔም ሳፈርስ ነበር» አለች።

እሁድ የቦጋለ ሽማግሌዎች መጡ። አቶ መኩሪያ በክብር ተቀብለው በክብር ሸኟቸው፤ ልጅቷ ልቧን ለሌላ ሰጥታለች አሉ። ቦጋለ ሰሌዳውን አልተወም። ጥሪው ተመልሶለታል፤ ሲነካው ግን ስለ ፍሬን ሸራ ብቻ ይጠይቃል። አፀደም ሳትስቅ፣ በአክብሮት ትመልስለታለች። ይህም ማኑሄን ደስ አላለውም፤ ሰውዬው አሳዘነው።

የማኑሄ አጎት ሽማግሌ ሆነው የመጡ ዕለት፣ ነገሩ በደግ አልቆ አፀደ ውጤቱን ሊሰማ የመጣውን እጮኛዋን እስከ ታክሲ ማቆሚያው ሸኘችው። መንገድ ላይ አንድ መልከ መልካም ጎረምሳ ከሩቅ «አፂ!» ብሎ ጠራት። እሷም እጇን አነሳችለት። ማኑሄ ጥቂት እርምጃ ተራመደና ቆመ።

«ቀናሁ» አላት።

አፀደ ዙሪያዋን አላየችም። ሰፈር እያየ እጁን ያዘችው።

«ነገሪ የሚባል የጎረቤት ልጅ ነው። ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

በማግስቱ ሌላ ነበር፤ እሱንም ነገራት።