የቀኝ ክንፉ መብራት

ይታይሽ ከቤት በወጣች ቁጥር እናቷ ወይዘሮ እመቤት በር ላይ ቆመው ክፉ ክፉውን ያስባሉ። ጭቃው ያንሸራትታታል፤ ባጃጁ ይገለበጣል፤ ወንዙ ሞልቶ ከማዶ ያስቀራታል። ያላት አንድ ወንድሟ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ ልጅቷ ብቻዋን ከዳንግላ አልፋ አታውቅም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ባሕር ዳር ሥራ ያገኘች ጊዜ እናቷ እህል አልቀምስም ብለው ተኙ። ቀረች። ለአክስቷ ልጅ ሰርግ እንጅባራ ስትሄድ እንኳ አባቷ ከፊት፣ እናቷ ከኋላ ሆነው ነው የወሰዷት።

የተፈቀደላት መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ለአባቷ ምሳ ይዛ ከከተማው ዳር ወዳለው ሣር ሜዳ መሄድ፣ ከዚያ መመለስ።

በዚያ ሜዳ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ቆማለች። ባለቤቷ ከሰማይ ሆኖ መሬት ፎቶ የሚያነሳ የግል ድርጅት ነው። ጠባቂዋ የይታይሽ አባት አያ ሀብቱ ናቸው። አያ ሀብቱ የፈረስ ሰው ናቸው፤ በጥር የፈረሰኞቹ በዓል ላይ ፈረሳቸው ቦራ ሲወጣ ልጓሙና እርካቡ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። አውሮፕላኗንም ከፈረስ ለይተው አላዩዋትም። ጠዋት ጠዋት ጤዛዋን በጨርቅ ያብሱላታል፤ «እንዴት አደርሽ?» ሲሏትም የሰማቸው አለ።

ክረምቱ ሲገባ አብራሪዋ ካፒቴን ዮርዳኖስና መካኒኩ አሸናፊ አውሮፕላኗን ሊወስዱ መጡ። አሸናፊ የደብረ ዘይት ልጅ ነው። ከመነሳታቸው በፊት የክንፎቿን አሮጌ አምፖሎች አውጥቶ በአዲስ ኤልኢዲ አምፖል መቀየር ነበረበት። የግራውን ቀይ መብራት ቀየረ፤ በራ። የቀኙን ፈትቶ ሳይጨርስ ዝናብ ወረደ። ብሎኖቹን በቆርቆሮ ጣሳ ትቶ ወደ አልጋው ሄደ፤ በማግስቱ መልሶ አሰራቸው። አረንጓዴው መብራት ግን አልበራም። ድርጅቱ ደግሞ፣ በዚህ ደመና የክንፎቹና የጭራው ሦስቱም መብራት ሳይበራ አትነሱ ብሏል።

ይታይሽ ምሳ ይዛ ስትደርስ አሸናፊ እርጥብ ሣር ላይ በጀርባው ተኝቶ ከክንፉ ጫፍ ጋር ይታገላል። ካፒቴኗ ኔትወርክ ፍለጋ ከተማ ወጥታለች።

«እህቴ፣ እባክሽ ግቢና ቀዩን ቁልፍ ወደ ላይ አድርጊልኝ።»

«ብትነሳብኝስ?»

«ሞተሯ ጠፍቷል እኮ።»

«የእናቴን ልብ ስለማታውቀው ነው።»

ከክንፉ ሥር ሳቀ። ፊቱን ሳታይ ሳቁን ነው የሰማችው። ገባች። የሚሄድ ነገር ውስጥ ያለ እናት ያለ አባት ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ያውም የማይሄድ። ቁልፉን ወደ ላይ አደረገች። ምንም የለም። ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ። አሸናፊ ብድግ ብሎ በመስኮቱ አያት። እሷም አየችው። ሁለቱም ዞረው መብራቱን ማየት ጀመሩ፤ መብራቱ ግን ጨለማ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፉ የእሷ ሥራ ሆነ። አያ ሀብቱ አጠገባቸው ስላሉ እናቷም ብዙ አልተቃወሙም፤ ብቻ አውሮፕላኑ መብረቅ ይስባል አሉ።

መብራቱ እንደ አኩራፊ ልጅ ነበር። ጠዋት በጉሙ ውስጥ ጭልም ይላል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ደመናውን ቀድዳ ክንፉን ስታሞቀው ብልጭ ብሎ ይበራል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠፋል። አሸናፊ መለዋወጫውን አምጥቶ ቀየረው፤ ያው። በባትሪ ብቻውን ሲሞክረው ቦግ ይላል። በቴስተሩ ሲለካ፣ አንዱን ጫፍ የመብራቱ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ፣ ኃይሉ ሙሉ ነው። ውስጡ እርጥበት ገብቶ ይሆናል አለና በጨርቅ እየጠቀለለ ያደርቀው ጀመር።

በሥራ መሃል ያስተምራት ነበር። አንድ ቀን ትንሽ ባትሪና ሁለት ሽቦ ይዞ አሳያት።

«በዚህ ይሄዳል። በዚህ ይመለሳል። መመለሻ ከሌለው መሄድም አይችልም፤ መብራቱ አይበራም።»

«ይህንን ለእናቴ ንገራት» አለችው።

ስለ ወንድሟ የነገረችው ያን ጊዜ ነው። አላጽናናትም፤ ሽቦውን ጣቱ ላይ ሲጠቀልል ቆየ። ኋላ ግን ወደ ክንፎቹ እያመለከተ፣ በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ፣ በጭራ ነጭ የሆነው በከንቱ አይደለም አላት። ነጩን ብቻ ካየሽ ትቶሽ እየሄደ ነው። ቀዩንና አረንጓዴውን አንድ ላይ ካየሽ ግን ፊቱ ወዳንቺ ነው፤ እየመጣ ነው።

እሷ መብራቱ ባይሠራ ትወድ ነበር። ይህን ለራሷም በግልጽ አልተናገረችውም፤ ግን ጠዋት ቁልፉን ወደ ላይ አድርጋ ክንፉ ጭልም ሲል ደረቷ ቀለል ይላት ነበር። ሲበራ ደግሞ የሆነ በር የተዘጋባት ይመስላታል። እሱም ያንን አይቶባት ይሁን ወይም በራሱ ደርሶበት፣ «ቶሎ ባልጨርስ አትፍረጂብኝ» አላት አንድ ቀን፣ ቀና ሳይል።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ግን ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። በስልክ፣ ወይ መካኒኩ አበላሽቶታል፣ ወይ ሰው ነክቶታል፤ የነካ ካለ ለሕግ ይቀርባል አለ። ካፒቴን ዮርዳኖስ ይህን ስትናገር አያ ሀብቱ ሰምተው፣ «እኔ እያለሁ ማን ይነካታል?» ብለው ተቆጡ።

ቅዳሜ ጠዋት አያ ሀብቱ ቤት ቁጭ ብለው የቦራን ልጓም ያሰናዱ ነበር። የንብ ሰም ከጥቂት ቅቤ ጋር አቅልጠው ብረቱን ይቀቡታል፤ ከዚያ አቧራ እንዳይዝ በጨርቅ አጥብቀው ይወለውሉታል። ከላይ ምንም አይታይም፤ ብረቱ ግን ክረምቱን ሁሉ አይዝግም።

«ያቺን አውሮፕላንም አልረሳኋት» አሉ ለይታይሽ ፈገግ ብለው። «ያ ልጅ ብሎኖቿን በጣሳ ጥሎ ሄዶ በጉም አልቧቸው አገኘኋቸው። አንድ በአንድ ቀባሁለት። የሚቀመጡበትንም ብረት ጭምር። ሳያውቅ ነው ያሰራቸው።»

ልጓሙን ይዘው ወደ ሜዳው ሄዱ። ይታይሽ ባለችበት ቀረች።

የመብራቱ መመለሻ ሽቦ የሚታሰረው በአንዱ ብሎን ሥር ነው፤ አሸናፊ አሳይቷታል። ኃይሉ በሽቦ ይሄዳል፤ በክንፉ ብረት በኩል ይመለሳል። አባቷ በብረትና በብረት መካከል ሰም አስገብተዋል። ፀሐይ ስታሞቀው ሰሙ ይለሰልስና ብረቱ ይነካካል። ሲቀዘቅዝ ይደርቅና መመለሻው ይዘጋል።

ለእናቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ እመቤት ሰምተው ሲጨርሱ ተነስተው በሩን በመቀርቀሪያው ዘጉት።

«አባትሽን ልታሳስሪው ነው? አውሮፕላን አበላሸ ይሉታል። በዚህ ዘመን ማን ይሰማዋል? አንዱ ልጄ ቀረ፤ አሁን ደግሞ ባሌን?»

እናቷ ክፉ ሲያስቡ አብዛኛውን ጊዜ ሳይሆን ይቀራል፤ ይህ ግን ሊሆን የሚችል ነበር። ይታይሽ ብትናገር አባቷ ይታሰራሉ፤ ዝም ብትል አሸናፊ ከሥራው ይባረራል። የትኛውም መንገድ አንዱን ይወስድባታል። መደብ ላይ ተቀመጠች፤ እናቷም በሩን ተደግፈው ቆሙ። ጣሪያው ላይ ዝናቡ እያነሰ መጣ፤ ቆመም። በቆርቆሮው ቀዳዳ የፀሐይ ጨረር ገባ።

ያን ጊዜ ነው የደነገጠችው። ዛሬ ሊሄዱ ነው። ትናንት ካፒቴኗ፣ ሰሞኑን እኩለ ቀን ላይ በየቀኑ እየበራ ነው፣ ደርቆለታል ማለት ነው፣ ነገ ፀሐይ ከወጣ እንደበራ እንነሳለን ብላለች። አሸናፊም አብሮ ይሄዳል። ቦግ ብሎ ይነሳሉ፤ ከላይ ደመናው ውስጥ ሲገቡ ብርዱ ሰሙን ያደርቀዋል። ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ አውሮፕላን ቀኝ ክንፋቸውን አያየውም።

ሁሉንም ለእናቷ አንድ ጊዜ አፈሰሰችው። ክፉ ማሰብን ከማን ተማረችው? ደመናውን፣ ብርዱን፣ ግጭቱን ሁሉ አሳየቻቸው። ወይዘሮ እመቤት ከበሩ አልተነሡም። ዓይናቸው ግን የሆነ ሩቅ ቦታ ሄደ።

«ልጁ እናት አለችው?» አሉ።

«አለችው። እሱም አንድ ነው ለእናቱ።»

ወይዘሮ እመቤት ዞረው መቀርቀሪያውን ሳቡት። «ሩጪ» አሉ። «ስትሮጪ እንዳትወድቂ።»

በጭቃው እየዳከረች ሜዳው ስትደርስ አረንጓዴው መብራት ቦግ ብሎ ይታያል። አሸናፊ ዕቃውን ጭኖ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም። አባቷ ከክንፉ ጎን ነበሩ። በአባቷ ፊት ለአሸናፊ መናገር እንደማትችል አወቀች፤ ስለዚህ ለአባቷ ነገረቻቸው፣ በቤታቸው ቋንቋ በአውኛ፣ ቀስ ብላ። አያ ሀብቱ ሰምተው እጃቸውን አዩ። ከዚያ ወደ አሸናፊ ዞረው በአማርኛ ተናገሩ።

«ልጄ፣ መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለፈረስ የሚደረገውን አደረግሁላት።»

አሸናፊ ብሎኑን ፈታ። በጥፍሩ ፋቀው፤ አሸተተው። ከዚያ ቴስተሩን አምጥቶ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ ሳይሆን እዚያው የመብራቱ መመለሻ ላይ አድርጎ ለካ።

«ከመጀመሪያው እንዲህ ነበር መለካት የነበረብኝ» አለ።

ብሎኖቹንና ብረቱን በነዳጅ በነከረው ጨርቅ ጠርጎ መልሶ አሰራቸው። ይታይሽ ሳይነገራት ገብታ ቁልፉ ጋ ተቀመጠች። በራ። አሸናፊ ከምንጩ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ አስመጥቶ ክንፉ ላይ ቸለሰው፤ ደገመው። ክንፉ በረዶ ሆነ። መብራቱ አልጠፋም።

ካፒቴን ዮርዳኖስ ወደ ከተማ ሄዳ ለሥራ አስኪያጁ ስትደውል አሸናፊና አያ ሀብቱ ተከተሏት። አሸናፊ ስልኩን ተቀብሎ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ፤ ብሎኖቹን ሜዳ ላይ ጥዬ ሄድሁ፣ ሳላጸዳ አሰርሁ፣ ስለካም ተሳሳትሁ። አያ ሀብቱ ስልኩን ከእጁ ወሰዱት።

«ጌታዬ፣ ይህ ልጅ የእኔን ሸክም ሊሸከም ነው። የቀባሁት እኔ ነኝ። የምታስሩኝ ከሆነ ቤቴ የታወቀ ነው።»

ሰውየው ካፒቴኗን አገናኙኝ ብሎ፣ ምን ዓይነት ሰም ነው ብሎ ጠየቃት። እሷም የፈረስ ሰም አለችው፤ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በመጨረሻ የተወሰነው ይህ ነበር፦ አያ ሀብቱ ይጠብቁ፤ ጨርቅ እንጂ ሰም አይያዙ።

ሲመለሱ ወይዘሮ እመቤት ሜዳው ላይ ቆመው አገኟቸው። ነጠላቸው እስከ ወገባቸው ጭቃ ነበር። ባላቸውን ከራስ እስከ እግር አዩ፤ አለመታሰራቸውን ካረጋገጡ በኋላ አሸናፊን አዩት።

እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ በበጋ ሥራው ሲጀመር እንደሚመለስና ከፈቀዱለት ሽማግሌ እንደሚልክ ተናገረ። አያ ሀብቱ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ፤ መልሱ የእሳቸው እንዳልሆነ ያውቃሉ።

«ሁሉም እመለሳለሁ ብሎ ነው የሚሄደው» አሉ ወይዘሮ እመቤት።

«እውነትዎን ነው፣ እማማ። ስለዚህ እመኑኝ አልልዎትም። ይዩኝ።»

ይታይሽን የተሰናበታት በዓይኑ ብቻ ነበር። አውሮፕላኗ ሣሩን እየመታች ሮጠች፤ ተነሳች። ደመናው ሥር ነጩ የጭራ መብራት ብቻ ለጥቂት ጊዜ ታየ፤ ጠፋ። ይታይሽ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። እናቷ ክንዷን ያዙና ወደ ቤት ወሰዷት።

ኔትወርኩ ተቋረጠ። መንገዱ ተከፈተ፤ ተዘጋ። መስቀል አለፈ፤ ድንቹ ወጣ፤ ገብሱ ታጨደ። ወይዘሮ እመቤት ቀረ አላሉም፤ ይህ ከእሳቸው ትልቅ ነገር ነበር። ብቻ ማታ ማታ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ በሩ እየወጡ ሰማዩን አየት ያደርጋሉ። ለምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ብዬ ነው ይላሉ። በጥር።

በፈረሰኞቹ በዓል ዋዜማ ሰማዩ ያለ ወቅቱ ዳመነ። አያ ሀብቱ ጓሮ ሆነው የቦራን እርካብ ይወለውላሉ። ይታይሽ ቤት ውስጥ ጥሬ ትለቅማለች። ከሩቅ የንብ ድምፅ የመሰለ ነገር መጣ። አልተነሳችም፤ ስንት ጊዜ ተነስታ የጭነት መኪና ሆኖባታል።

እናቷ በሩ ላይ ነበሩ።

«ልጄ» አሉ። «የሚመጣ ጊዜ ያ የነገርሽኝ ቀይ መብራት በየት በኩል ነው የሚታየው?»

«ከፊት ለፊቱ ለሚያየው በቀኝ ነው፣ እማዬ። አረንጓዴው በግራ። ምነው?»

ወይዘሮ እመቤት ቀኝ እጃቸውን አነሱ፤ ግራቸውንም አነሱ፤ በሁለቱ መካከል ሰማዩን አዩ።

«ነይ ውጪ» አሉ። «ሁለቱም አሉ።»